አዲስ አበባ ተቀምጦ ባህር መሳል፦ ባለ ሸራ ጀልባ በዘይት ቀለም

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ባህር ማየት ካማረኝ ጅቡቲ ድረስ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለብኝ። ያም ሆኖ ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደ ባህር ነው፤ ባህርና አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ። ብዙ ሰው «በየቀኑ የማታየውን እንዴት ትስላለህ?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ለእናንተ ያን ያህል እንዳይፈጅባችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

በባህር ሥዕል ስሙ የገነነው ኢቫን አይቫዞቭስኪ (1817–1900) ጥቁር ባህር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በሩን ሲከፍት ባህር ነው። እሱ እንኳ ማዕበሉን የሚስለው ስቱዲዮው ገብቶ፣ ያየውን እያስታወሰ ነበር። ማዕበል እስክትስሉት ቆሞ አይጠብቅማ! ስለዚህ ዋናው ነገር ባህር ዳር መቀመጡ ሳይሆን ውሃ ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል መረዳት ነው። እሱን ደግሞ እዚሁ ከተማ መማር ይቻላል።

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ውሃ እዩ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ውጡና ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ሂዱ። አስፋልቱ ላይ ያቆረ ውሃ አታጡም። ከሩቅ እዩት፤ ብርማ ነው፤ ሰማዩና ሕንፃው ተገልብጦ ይታይበታል። አሁን ተጠጉና ከጫማችሁ ሥር ቁልቁል እዩት። ሰማዩ የለም። አስፋልቱ፣ ጠጠሩ፣ የወደቀች የሃይላንድ ክዳን ነው የሚታያችሁ። ውሃው ያው ውሃ ነው። የተለወጠው የምታዩበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ባህርም እንደዚሁ ነው፤ ከሩቅ በአግድም ሲታይ ሰማዩን ይመልሳል፣ ከእግራችሁ ሥር ሲታይ ግን የራሱን ሆድ ያሳያል።

ላንጋኖ የሄደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ በእፍኛችሁ ብትዘግኑት አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል። ዳር ቆማችሁ ወዲያ ማዶ ስትመለከቱ ግን ከተራራው ሥር ያለው ውሃ የሰማዩን ቀለም ይዟል። ዓይናችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ እግራችሁ ስትመልሱት ቡናማው እየመጣ፣ እየመጣ ሰማዩን ይሸፍነዋል። ይህን ሽግግር ሸራ ላይ ማስቀመጥ የቻለ ሰው፣ ጀልባ ባይኖርበት እንኳ፣ ውሃ ስሏል። አንድ ሰማያዊ በጥብጦ ከአድማስ እስከ ታችኛው ጠርዝ መለቅለቅ ግን ውሃ አይሆንም፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው የሚሆነው። ጊዜ ካላችሁ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ሆራ ወይም ባቦጋያ ዳር ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ በእርሳስ ማስታወሻ ያዙ። ፎቶም አንሱ፤ ግን ስልክ ሰማዩን አንጥቶ ውሃውን ስለሚያጨልመው ቀለሙን ከፎቶው ሳይሆን ከማስታወሻችሁ ውሰዱ።

ወደ ዕቃው እንግባ። ተወጥሮ የተዘጋጀ ሸራ ይሸጣል፣ ለልምምድ ግን ውድ ነው። እኔ አቡጀዲ ከመርካቶ በሜትር ነው የምገዛው። ወፈር ያለውንና ሽመናው ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ። አናጺ ጋር 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ታሠራላችሁ፤ ከዚያ ጨርቁን ከእያንዳንዱ ጎን መሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘኖቹ እየወጠራችሁ በስቴፕለር ትመቱታላችሁ። በጣታችሁ ስትነኩት እንደ ከበሮ ድም ማለት አለበት።

አቡጀዲው ላይ ዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀባም። ዘይቱ ውሎ አድሮ ጨርቁን ይበላዋል። መሃላቸው የሚገባው ነጭ መደብ ጄሶ ይባላል፤ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ «ጄሶ ስጠኝ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚሆነውን ዱቄት ነው፤ እሱ ሸራ ላይ ሲደርቅ ይፈረፈራል። የምትፈልጉት የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ያለውን አክሪሊክ ጄሶ ነው። ሁለት ሦስት እጅ ቀቡት፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጉት።

ቀለም አታብዙ። ቲታኒየም ነጭ (ትልቁን ቱቦ፣ ቶሎ ያልቃል)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ሴሩሊያን ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ፣ የሎ ኦከር (አፈር መሳይ ቢጫ)፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ)። ሰባት ናቸው፤ ይበቃሉ። ጥቁር አትግዙ። አልትራማሪንና በርንት ሲዬና ስትቀላቅሉ ከጥቁር የማይተናነስ ጥልቅ ቀለም ይወጣል፤ ሰማያዊውን ስታበዙ ይቀዘቅዛል፣ ሲዬናውን ስታበዙ ይሞቃል። የቱቦ ጥቁር ባህር መሃል ሲገባ ቀዳዳ ነው የሚመስለው።

ለማቅጠኛ ተርፐንታይን ካጣችሁ ቀለም ቤት ሄዳችሁ አኳራጅ በሉ። ቲነር ግን አትውሰዱ፤ ለሳንባችሁም ለሥዕሉም ከባድ ነው። የተልባ ዘይትም ያስፈልጋችኋል። ለምግብ የሚሸጠው ከዚያው ከተልባ ይውጣ እንጂ ለሥዕል ተብሎ ስላልተጣራ አደራረቁ አይታመንም፤ ትንሽ ጠርሙስ የሠዓሊ ዘይት ግዙ፣ ለብዙ ሥዕል ይበቃችኋል። ብሩሽ በነጭ ጋዝ አለቅልቆ በላርጎ ማጠብ ይቻላል፤ ነጭ ጋዙን ግን ቀለም ውስጥ አትጨምሩት።

ይህን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨባብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። አኳራጅ ተከፍቶ በምትሠሩበት ክፍል ቡና አይፈላም፤ ከሰሉ ሌላ ቦታ ይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልበል። የፈረንጅ መጻሕፍት «የሰሜን መስኮት አጠገብ ሥራ» ይላሉ፤ ለእነሱ ፀሐይ በዚያ በኩል ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥባቸውም። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ስለሆነ፣ ምክሩ የሚሠራልን ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው። በቀሩት ወራት መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ጣል አድርጉ። ማታ ቢጫ አምፖል ሥር ደግሞ ሰማያዊ አትበጥብጡ፤ ጠዋት ስትነሱ ሌላ ቀለም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን እንጀምር። ነጩ ሸራ ላይ በቀጥታ አትሳሉ። በርንት ሲዬናን በአኳራጅ በጣም አቅጥናችሁ ሸራውን ሙሉ ቀቡና በጨርቅ ጥረጉት፤ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ሲመስል ተዉት። ይህ ሙቅ መደብ በኋላ ከሰማያዊው መሃል ቦታ ቦታ ብቅ ሲል ባህሩን ነፍስ ይዘራበታል። በማግስቱ ሲደርቅ አድማሱን አስምሩ። መሃል ላይ አታድርጉት፤ ሸራው በአግድም ተቀምጦ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ከግራም ከቀኝም በማስመሪያ ለኩ። ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፈ ውሃው ወደ አንድ ጎን የሚፈስ ይመስላል።

ጀልባዋን የት ላስቀምጣት ለሚለው ጥያቄ አንድ ሕግ አለ፣ ይህን ሕግ ካወቅኩ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሎልኛል። አድማስ ማለት የዓይናችሁ ከፍታ ነው። ዳር ቆማችሁ ዓይናችሁ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ አድማሱ ጀልባን ሁሉ የሚቆርጠው ከውሃው 2 ሜትር ላይ ነው፤ ቅርብ ትሁን ሩቅ ለውጥ የለውም። የጀልባዋ ምሰሶ ጫፍ ከውሃው 10 ሜትር ከሆነ አድማሱ የሚያልፈው አንድ አምስተኛው ላይ ነው ማለት ነው። ሸራችሁ ላይ ከውሃው እስከ ምሰሶው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ካደረጋችኋት፣ 3ቱ ከአድማሱ በታች፣ 12ቱ ከአድማሱ በላይ ይሆናሉ። ከኋላ እሷኑ የምታክል ሌላ ጀልባ ርቃ እንድትታይ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ስትጨምሩ፣ 1 ከታች 4 ከላይ። ይህ ካልተጠበቀ የኋለኛዋ ጀልባ ወይ አየር ላይ ትንጠለጠላለች፣ ወይ የሕፃን መጫወቻ ትሆናለች።

የጀልባዋን አካል ለመሳል የሚቸገር ሰው 8 ቁጥርን አስተኝቶ፣ ረዘም አድርጎ ይሳላት፤ አንዱን ቀለበት ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ። ከዚያ ከትንሹ ቀለበት ጫፍ አፍንጫዋን፣ ከትልቁ ሆዷንና ጀርባዋን ታወጣላችሁ። የጎኗ ጥምዝ በራሱ ይመጣል። አሥር ጊዜ ወረቀት ላይ ሞክሩት፣ እጃችሁ ይለምደዋል።

ከዚያ ንፋሱ። ድሮ ምጽዋ በባህር ኃይል ያገለገሉ አንድ ጎረቤት አሉን። ጨርሻለሁ ያልኩትን ሥዕል ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ንፋሱ ከየት ነው የሚመጣላት?»

«ከግራ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ ባንዲራዋ ምነው ወደ ግራ ትውለበለባለች? ደግሞስ ሸራዋ እንዲህ ተነፍቶ እሷ እንዴት ቀጥ ብላ ትቆማለች?»

ያን ቀን ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ንፋሱ ከግራ ከመጣ ሸራው ወደ ቀኝ ይነፋል፣ ጀልባዋም ወደ ቀኝ ታጋድላለች፣ ባንዲራዋም ወደ ቀኝ ነች፣ የማዕበሉም ጉዞ ከንፋሱ ጋር ነው። ሁለቱ ሸራዎች፣ ምሰሶው ላይ ያለው ትልቁና ከፊት ያለው ትንሹ፣ በአንድ ወገን ነው የሚነፉት። ጀልባ ደግሞ አፍንጫዋን ቀጥታ ወደ ንፋሱ ሰጥታ አትሄድም፤ ቢያንስ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ማለት አለባት። ከዚያ ወዲህ ምንም ሳልስል በፊት ሸራው ጀርባ ላይ በእርሳስ አንዲት ቀስት አደርጋለሁ። የንፋሱ ቀስት ነች። ሌላ ቀስት ደግሞ ለፀሐይዋ። ግራ ሲገባኝ ሸራውን ገልብጬ አያለሁ።

ቀለሙን ከሰማዩ ጀምሩ። ከላይ አልትራማሪን ከነጭና ከጥቂት በርንት ሲዬና ጋር፤ ወደ ታች ስትወርዱ ሴሩሊያን እየጨመራችሁ ነጩን አብዙ፤ አድማሱ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል የሎ ኦከር ጣል አድርጉ። አድማስ አጠገብ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ፣ ሞቅ ይላል። ይህን የታችኛውን የሰማይ ቀለም ሁሉንም አትጨርሱት፤ ከዚያው ላይ አስቀሩ። ጠቆር አድርጋችሁ የሩቁን ባህር የምትጀምሩት በእሱ ነው። ወደ መሃል ስትመጡ አልትራማሪኑ ይጨምር፤ ወደ እግራችሁ ስትቀርቡ ቪሪዲያንና ትንሽ ሲዬና ጨምሩበት፣ ይጨልም፣ ወደ አረንጓዴ ያድላ። ያ ያቆረ ውሃ ትዝ ይበላችሁ። አድማሱን ሁለቱ ሳይደርቁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንዴ ብቻ በአግድም ዳበስ አድርጉት። በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል አድማስ ርቀቱን ይገድለዋል።

ይህ የመጀመሪያው እጅ ነው፤ ቀለሙ በአኳራጅ የቀጠነ፣ ዘይቱ ያነሰ ይሁን። በላዩ የሚመጣው እጅ ዘይቱ ጨመር ይላል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚጠነክረው፣ ዘይት የበዛበት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ሥሩ ገና ሳይጠነክር ላዩ ከደረቀ፣ ሥሩ ሲንቀሳቀስ ላዩን ይሰነጥቀዋል።

ከሳምንት በኋላ ስትነኩት ጣት የማይዝ ከሆነ ማዕበሉን ጀምሩ። የማዕበል ረድፎች ቅርብ ሲሆኑ ሰፊ፣ ሲርቁ ጠባብ ናቸው። ከታች በሁለቱ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 1፣ እያለ አድማሱ ጋ ሲደርስ ጭረት ብቻ ይቀራል። ቁጥሩን ግን እንደ ማስመሪያ አትከተሉት፤ ረድፉ ይቆራረጥ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይውጣ። እያንዳንዱ ማዕበል ሁለት ፊት አለው። ወደ እናንተ የዞረው ፊት ቁልቁል እንደማየት ስለሆነ ጥልቁን ውሃ ያሳያል፣ ጨለም ይላል። ወደ ላይ የተጋደመው ጀርባው ሰማዩን ይመልሳል፣ ይበራል። ጨለማና ብርሃን፣ ጨለማና ብርሃን፤ ባህሩ መንቀሳቀስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይዋ ከማዕበሉ ጀርባ ከሆነች፣ ጫፉ ጋ የሳሳው ውሃ ብርሃን ያሳልፋል፤ እዚያች ላይ ቪሪዲያን ከኦከርና ከነጭ ጋር። በጣም ታምራለች። ግን ሁሉም ማዕበል ላይ አታድርጓት፤ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ትበቃለች።

አረፋ ነጭ ይመስላችኋል። አይደለም። ቢራ ስትቀዱ አረፋውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብርሃን ያልነካው ጎኑ ግራጫ ነው። መጀመሪያ አረፋውን በሰማያዊ ግራጫ፣ አሊዛሪን ነካ በተደረገበት፣ ሳሉት፤ ከዚያ ብርሃን በሚመታው ጎን ብቻ ነጩን ወፍራም አድርጋችሁ አሳርፉበት። ንጹሑ ነጭ ሥዕሉ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ቦታ ነው ያለው።

ሸራዋ ጋ ደረስን። የምንስልበትም ጨርቅ ሸራ፣ ጀልባዋን የሚገፋትም ጨርቅ ሸራ መባሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ይህንን ለመማር ምጽዋ መሄድ አያስፈልግም። እኛ ግቢ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ አለ። አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባው ስትመታው ወንበር ስቤ አየሁት። ወደ እኔ የዞረው ጥላ ጎኑ ግራጫ አልነበረም፤ የቀለጠ ቅቤ ነበር የሚመስለው። ገመዱ ላይ የታጠፈበት፣ ጨርቁ ድርብ የሆነበት ቦታ፣ ጠቆር ብሏል። የመቆንጠጫዎቹ ጥላ ከወዲያ በኩል አልፎ ይታያል። የታችኛው ጠርዙ ደግሞ የሣሩን አረንጓዴ ተበድሮ ነበር። ንፋስ ሲመጣ ሆዱ ወጣ፣ ከተያዘበት ማዕዘን ደግሞ ሦስት አራት የመጨማደድ መስመር ተነሳ።

ይህን ሁሉ ወደ ጀልባዋ ውሰዱት። ብርሃን ያለፈበት ሸራ በነጭና በየሎ ኦከር ይሞቃል፤ ስፌቱ ድርብ ስለሆነ ይጠቁራል፤ የምሰሶው ጥላ በጨርቁ ውስጥ ይታያል፤ ታችኛው ጠርዝ የባህሩን ሰማያዊ ይቀበላል። መስመሮቹ ከማዕዘኖቹ ይነሱ። ሆዱን የሚያወጣው ጠርዙ ላይ የምታሰምሩት መስመር ሳይሆን ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀስ ያለ ለውጥ ነው። ገመዶቹን በመጨረሻ፣ ሥሩ ከደረቀ በኋላ፣ ጸጉሯ ረጅምና ቀጭን በሆነች ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። ሁሉንም አትሳሉ፤ ብርሃኑ ውስጥ የሚጠፋው ይጥፋ።

ነጸብራቁ ወደ ጎን አይሄድም፤ ቀጥታ ከጀልባዋ ሥር ወደ እናንተ ነው የሚወርደው። ወደ ጎን የሚሄደው የፀሐይ ጥላ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። ምሰሶው ወደ ቀኝ ካጋደለ ነጸብራቁም ወደ ቀኝ ያጋድላል። የነጩ ሸራ ነጸብራቅ ከሸራው ትንሽ ይጠቁራል፣ የጨለማው አካል ነጸብራቅ ግን ከአካሉ ትንሽ ይነጣል። ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ደግሞ በአግድም ጭረቶች እየተቆራረጠ ይረዝማል። ጀልባዋ ውሃውን በምትነካበት መስመር ላይ ጨለማ ጭረትና ጥቂት አረፋ አድርጉ፤ ያቺ ባትኖር ተቆርጣ የተለጠፈች ነው የምትመስለው።

መሃል ላይ ሲሰለቻችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ከሉሲ በላይ ባሉት ፎቆች የዘይት ቀለም ሥዕሎች አሉ። አንዱ ፊት ተጠግታችሁ ብሩሹ የት እንደጀመረና የት እንደተነሳ ተመልከቱ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱና ያ ጭረት ምን እንደሆነ እዩ። የራሳችሁንም ሥዕል እንደዚሁ፣ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ኋላ እያላችሁ እዩት። በመስታወት ስታዩት ደግሞ ያልታያችሁ ጥመት ወዲያው ይወጣል።

ስትጨርሱ አትቸኩሉ። ክረምት ከሆነ ብርዱና እርጥበቱ አደራረቁን ያዘገየዋል፤ ነጩ የበዛበት ቦታ በተለይ ይቆያል። ቫርኒሽ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ አይቀባም። እስከዚያ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ወይም አልጋ ሥር አታስቀምጡት፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ብርሃን ያለበት ክፍል፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው ግድግዳ ላይ ስቀሉት።